ከሞተር የሚቀዳ እስትንፋስ

በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ሰማይ ላይ የሚተነፍሰው አየር ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅበት አጋጣሚ እምብዛም የለም፤ የጠየቀ እንደሆነም መልሱ ያስደነግጠዋል። በአብዛኞቹ የጀት አውሮፕላኖች አየሩ የሚቀዳው ከራሱ ከሞተሩ ሲሆን፣ የሞተሩ ዘይት አምልጦ ከዚህ አየር ጋር በተቀላቀለ ጊዜ በበረራ ሠራተኞችና በመንገደኞች ጤና ላይ ምን ያደርሳል የሚለው ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። የሚከተለው ምልልስ ጉዳዩን ለማብራራት የቀረበ ነው። ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የሥራ ዘመናቸውን በአውሮፕላን ጥገና አሳልፈው ወደ ትውልድ ቀያቸው ወደ መርሐቤቴ የተመለሱ ጡረተኛ፣ ሁለተኛዋ እዚያው በዓለም ከተማ የምትሠራ ነርስ ናት። ዓለም ከተማ የአውሮፕላን ማረፊያ ባይኖራትም የጀማን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው፣ በለሚና በሙከ ጡሪ አልፈው፣ ከቦሌ ወደ ዓረብ አገር የሚበርሩ ልጆች ያሏት ከተማ ናትና ነገሩ ለእርሷ ሩቅ አይደለም።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ከዓረብ አገር የሚመለሱ ሴቶች በበረራው ላይ ራሳቸውን እንዳዞራቸው፣ ጉሮሯቸውን እንደከረከራቸው ወይም ራስ ምታት ለቀናት እንዳልተዋቸው ሲናገሩ፣ የጤና ባለሙያው ነገሩን ድካምና የእንቅልፍ እጦት ነው ብሎ ያልፈዋል። የሚተነፈሰው አየር ከሞተር የሚመጣ ከሆነ ግን ይህ የአውቶቡስን የጭስ ማውጫ ወደ ውስጥ አዙሮ ሰው እንደማሳፈር አይሆንም?

ጡረተኛው፦ አይደለም ልጄ፤ ነገሩ ከባድ ስለሆነ ያልሆነውን ጨምሮ ማክበድ አይገባም። የጀት ሞተር ፊት ለፊት ያለውን አየር ስቦ፣ በረድፍ ተደርድረው እንደ ማራገቢያ በሚሽከረከሩ የብረት ክንፎች ደረጃ በደረጃ ያምቀዋል፤ ይህ ክፍል ኮምፕረሰር ይባላል። ነዳጅ ተረጭቶ እሳት የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ለሰው የሚሆነው አየር የሚቀዳው ከኮምፕረሰሩ ላይ፣ ገና እሳት ሳያገኘው ሲሆን፣ በሙያው ቋንቋ «ብሊድ ኤር» የሚባለው እርሱ ነው። በ11 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የውጭው አየር ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፤ እጅግ የሳሳ ስለሆነም ሰውን በሕይወት አያቆይም፤ ኮምፕረሰሩ ግን አምቆ ከ200 ዲግሪ በላይ ያግለዋል፤ ከዚያ በማቀዝቀዣ መሣሪያዎች በርዶ ወደ ካቢኑ ይለቀቃል። ከካቢኑ አየር ግማሽ ያህሉ ይህ አዲስ አየር ሲሆን፣ የቀረው ከመንገደኞቹ መካከል ተመልሶ በማጣሪያ አልፎ የሚመጣ ነው። አየሩ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ጣጣው ያለው ዘይቱ ላይ ነው።

ነርሷ፦ ዘይቱ በምን መንገድ ወደ አየሩ ይገባል?

ጡረተኛው፦ የሞተሩ ዘንግ የሚዞረው በኩሽኔታዎች ላይ ነው፤ ኩሽኔታ ያለ ዘይት አንድ ደቂቃ አይቆይም። ዘይቱ ከኮምፕረሰሩ አየር እንዳይደባለቅ የሚከለክለው «ኦይል ሲል» የሚባለው ክፍል ነው። ስሙን የሰማ ሰው እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ድፍን አድርጎ የሚዘጋ ነገር ይመስለዋል፤ ነገር ግን በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር በሚዞር ዘንግ ላይ እንዲህ ያለ ድፍን ክዳን ቢደረግ ወዲያው ተፍቆ ያልቃል። ስለዚህ በብዙ ሞተሮች መከላከያው በጣም የጠበበ ክፍተት ሆኖ፣ ዘይቱን የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። ሞተሩ በእኩል ጉልበት በሚሠራበት ሰዓት ግፊቱ ይበቃል፤ ሞተሩ ሲነሳ፣ አብራሪው ጉልበት ሲጨምርና ሲቀንስ፣ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ግን ግፊቱ ይዋዥቃል፤ በዚያች ቅጽበት ጥቂት ዘይት ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ኦይል ሲሉ ያረጀ እንደሆነ ወይም ጠጋኙ ዘይቱን ከልኩ አሳልፎ የሞላ እንደሆነ ደግሞ የሚያመልጠው ይበዛል። በመናኸሪያው ውስጥ ያረጀ አይሱዙ ሲነሳ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ሲያወጣ ሾፌሩ «ዘይት ይበላል» ይላል፤ የአውሮፕላን ሞተርም ዘይት ይበላል፤ ልዩነቱ ከሚበላው ውስጥ ጥቂቱ አንዳንድ ጊዜ በመንገደኛው አፍንጫ በኩል ማለፉ ነው። ሽታውን የሚያውቁት የበረራ ሠራተኞች እንደ ላብ ያረሰው ካልሲ ወይም እንደ ረጠበ ውሻ ነው ይላሉ።

ነርሷ፦ የሞተር ዘይት ሽታው ያስጠላ ይሆናል እንጂ መርዝ መሆኑን በምን ማወቅ ይቻላል?

ጡረተኛው፦ የጀት ሞተር ዘይት እንደ መኪና ዘይት አይደለም። ብረት ከብረት ሲፋተግ እንዳይበላላ ትራይክረሲል ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል፤ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 3 እጅ ያህል ነው። ይህ ኬሚካል ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ቤተሰብ ይመደባል። ቤተሰቡን ግን ከአንድ መካኒክ ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ነርሷ፦ ማላታይን የዚህ ቤተሰብ ነው። ገበሬው ለተባይ ማጥፊያ ሲረጭ ወይም ለነቀዝ ብሎ ከእህል ጋር ሲደባልቅ ነፋሱ ወደ ፊቱ ያዞረበት እንደሆነ፣ እንባና ምራቅ እየተዝረከረከ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቦ፣ ጡንቻው እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ምክንያቱም ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚያስተላልፍበት አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መፍረስ ሲገባው፣ መርዙ አፍራሹን ኢንዛይም ስለሚያስረው መልእክቱ ሳይቋረጥ ይጮኻል። መድኃኒቱ አትሮፒን ነው። ነገር ግን በአውሮፕላን ታመምን የሚሉት ሰዎች እንዲህ ያለ ምልክት አያሳዩም።

ጡረተኛው፦ አያሳዩም። ትራይክረሲል ፎስፌት፣ በተለይም ኦርቶ የሚባለው ዓይነቱ፣ የሚታወቅበት ጉዳት ሌላ ነው፤ ወዲያው ሳይሆን ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ እግርን የሚያሰልል ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ የዝንጅብል መጠጥ ሻጮች ይህን ኬሚካል ቀላቅለው በሸጡት መጠጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ተሽመድምዷል። ሌላው ለአፍሪካ ሰው ሊረሳ የማይገባው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በሞሮኮ፣ በመክነስ ከተማና በአካባቢዋ፣ ነጋዴዎች ከጦር አየር ሠፈር በትርፍነት የወጣ የጀት ሞተር ዘይት ገዝተው ከምግብ ዘይት ጋር ደባልቀው በመሸጣቸው 10 ሺህ ያህል ሰዎች ሽባ ሆኑ። የተጎዱት በአብዛኛው ርካሽ ዘይት የሚገዙ ድሆች ነበሩ። ስለዚህ የጀት ሞተር ዘይት ነርቭን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚል ክርክር የለም፤ ክርክሩ በካቢን ውስጥ የሚገባው መጠን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚል ነው።

ነርሷ፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ መክነስ ላይ ሰዎቹ ዘይቱን በወጥ በልተውታል። መድኃኒትና መርዝን የሚለየው መጠን ነው የሚለው ትምህርት ደግሞ ለጤና ሠራተኛ የመጀመሪያው ነው።

ጡረተኛው፦ ትክክል ነው፤ ከመክነስ ወዲህ የዘይት አምራቾች ኦርቶ የሚባለውን ክፍል እጅግ ዝቅ ስላደረጉት፣ ያን አደጋ በቀጥታ ወደ ካቢን ማምጣት ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን ዘይቱ በጋለው ኮምፕረሰር ውስጥ ሲያልፍ ዘይት ሆኖ አይቀርም፤ ይፈራርሳል፣ ይቃጠላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሌሎች ብዙ ተናኞችን ይፈጥራል። የካቢኑ ማጣሪያ ሄፓ የሚባለው ዓይነት ሆኖ ጥቃቅን ብናኞችንና ጀርሞችን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይይዛል፤ ጋዝና ተን ግን አይይዝም። የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ስለ ማጣሪያው የተነገረው ምስጋና እውነት ነበር፤ ያ ምስጋና ግን ለዚህ ጉዳይ ዋስትና አይሆንም።

ነርሷ፦ ተለክቶ የተገኘው ምን ያህል ነው?

ጡረተኛው፦ በብሪታንያ የክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ በ100 በረራዎች ላይ አየሩን ለክቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ከተፈቀደው የጤና ወሰን ያለፈ ነገር አላገኘም። የአውሮፓ አቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ያስጠናውና በ2017 የወጣው ጥናትም በ69 በረራዎች ላይ ተለክቶ፣ ትራይክረሲል ፎስፌት በጣም ጥቂት መጠን ሲገኝ ኦርቶው ዓይነት ግን አልተገኘም። እነዚህን ጥናቶች ማጣጣል አይገባም፤ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን የለኩት የአዘቦቱን ቀን ነው። የብሪታንያ የመርዛማነት አማካሪ ኮሚቴ በ2007 እንዳስቀመጠው አብራሪዎች ጭስ ወይም ሽታ ነበረ ብለው የሚመዘግቡት ከመቶ በረራ በአንዱ ሲሆን፣ በጥገና ምርመራ የሚረጋገጠው ደግሞ ከ2 ሺህ በረራ በአንዱ ያህል ነው። ከ2 ሺህ አንድ ጊዜ የሚሆንን ነገር በ100 በረራ ሲጠብቁት ባይመጣ አያስደንቅም። ጎርፍ የለም ለማለት ጀማን በጥር ወር ሄዶ ማየት አይበቃም።

ነርሷ፦ በሰው ደም ውስጥስ ተፈልጎ ያውቃል?

ጡረተኛው፦ በአሜሪካ ተመራማሪዎች የ12 መንገደኞችን ደም መርምረው በ2011 ባወጡት ጽሑፍ፣ በ6ቱ ደም ውስጥ ኬሚካሉ ከኢንዛይም ጋር የተጣበቀበትን ምልክት በጣም ዝቅተኛ በሆነ መጠን አግኝተዋል።

ነርሷ፦ ስድስቱ ታመሙ?

ጡረተኛው፦ አንዳቸውም አልታመሙም። ጥናቱ የሚያሳየው ነገሩ ከካቢን ወደ ደም መግባቱን እንጂ ማሳመሙን አይደለም፤ ይህን ለይቶ የማይናገር ሰው ለታማሚዎቹ ጠበቃ የሆነ ይመስለዋል እንጂ ይጎዳቸዋል፤ ምክንያቱም የተጋነነ ክስ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል።

ነርሷ፦ እንግዲያው ታመምን የሚሉትን ያመናቸው አካል አለ?

ጡረተኛው፦ አለ። አውስትራሊያዊቷ የበረራ አስተናጋጅ ጆአን ተርነር እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1992 ከሲድኒ ወደ ብሪዝበን በሚበር ቢኤኢ 146 አውሮፕላን ውስጥ ጭስ ተነፍሳ ሳምባዋ ከተጎዳ በኋላ፣ ክሱ ዓመታት ፈጅቶ በ2009 ተፈረደላት፤ በ2010 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኙን ሳይቀበል ስለቀረ ፍርዱ ጸና። በ1992 የደረሰ ጉዳት በ2010 መቋጨቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሌላው በጀርመን የሆነው ነው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 2010 ከቪየና ተነስቶ ወደ ኮሎኝ የሚበር አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ሁለቱም አብራሪዎች እንግዳ ሽታ ሸቷቸው፣ ሰውነታቸው እየደነዘዘ፣ የኦክስጅን ጭንብል አጥልቀው በብዙ ችግር አሳረፉት። የመንገደኞቹ ጤና ትልቅ ነገር ቢሆንም የአብራሪው ጤና የሁሉም ሕይወት ነውና፣ ጉዳዩ የሥራ ላይ ጤና ብቻ ሳይሆን የበረራ ደኅንነትም የሚሆነው በዚህ ነው።

ነርሷ፦ ለመንገደኛውስ ከላይ የሚወርደው ጭንብል አያድነውም?

ጡረተኛው፦ ከዚህ አያድነውም። የአብራሪው ጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ብቻ መስጠት ይችላል፤ የመንገደኛው ጭንብል የተሠራው የአየር ግፊት ሲወድቅ ለመርዳት ስለሆነ ኦክስጅኑን ከካቢኑ አየር ጋር አደባልቆ ነው የሚሰጠው፤ ካቢኑ በጭስ ከተበከለ ብክለቱንም ይሰጣል።

ነርሷ፦ በሕክምናው በኩል ስሙ ምንድን ነው?

ጡረተኛው፦ በ1999 ጥቂት ተመራማሪዎች ኤሮቶክሲክ ሲንድሮም አሉት፤ ሲንድሮም ማለት አብሮ የሚመጣ የምልክቶች ስብስብ ማለት ነው። ራስ ምታት፣ የማስታወስ መድከም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የማያባራ ድካምና የትንፋሽ ችግር በዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት ግን በበሽታዎች መዝገቡ ራሱን ችሎ የቆመ በሽታ አድርጎ አላሰፈረውም።

ነርሷ፦ እዚያ ላይ አንድ የከረረ ጥያቄ አለ። እነዚህ ምልክቶች በሌሊት ሥራ፣ በእንቅልፍ መዛባት፣ በጭንቀትም ይመጣሉ። ደግሞም በመንዝ ደጋ እንጨት አልቆ ኩበት የሚያነዱ እናቶች፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ምጣድ ጥደው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሕፃን በጀርባቸው አዝለው በየሳምንቱ ስንት ሰዓት ጭስ ይተነፍሳሉ? የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ የአየር ብክለት እንደሞተ ገምቷል። ይህ ሁሉ እያለ ከ2 ሺህ በረራ አንዴ ስለሚሆን ሽታ መጨነቅ ተገቢ ነው?

ጡረተኛው፦ የእናቶቹ ጭስ የበለጠ መግደሉን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሁለቱን ማወዳደር ያስፈለገው አንዱን ለመጣል ከሆነ ማወዳደሩ አይጠቅምም፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሌላ ነገር አለ። የማድ ቤት ጭስ ገዳይነት ለዘመናት ሳይታወቅ የኖረው ጭሱ ስላልታየ አይደለም፤ ግድግዳው እስኪጠቁር ድረስ ሁሉም አይቶታል። የለካው ሰው ስላልነበረ ነው። በካቢንም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የአውሮፕላን ሕግ በካቢን አየር ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ20 ሺህ አንድ እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ አውሮፕላኑ ግን በየበረራው ይህን የሚለካ መሣሪያ ይዞ እንዲበር አያስገድድም። ሚዛን የሌለበት ገበያ ላይ የኪሎ ልክ አውጥቶ እንደመለጠፍ ነው። ሕመምተኛዋ ምን ያህል ተነፈስሽ ስትባል መልስ የላትም፤ አየሩ የሄደ አየር ነው። የማስረዳቱ ሸክም ግን በእርሷ ላይ ይወድቃል። ይህ ፍትሕ አይደለም፤ ሚዛኑን መያዝ ያለበት አየሩን የሚሸጠው ነው።

ነርሷ፦ አየሩን ከሞተር ሳይቀዱ መብረርስ አይቻልም?

ጡረተኛው፦ ይቻላል፤ ለኢትዮጵያም ታሪኩ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹ ጀቶች፣ ቦይንግ 720ዎቹ፣ ለካቢን አየር የተለዩ ኮምፕረሰሮች ነበሯቸው፤ ከዚያ ወዲህ ክብደትንና ወጪን ለመቀነስ ሲባል በቀጥታ ከሞተር መቅዳቱ ልማድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 አየር መንገዱ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ግን አየሩን ከሆዱ ሥር ባሉ መግቢያዎች ስቦ በኤሌክትሪክ በሚሠሩ ኮምፕረሰሮች ያምቃል፤ የሞተር ዘይት በዚያ መንገድ ላይ የለም። ይህን ሥራ ማመስገን ተገቢ ነው። ሆኖም 787 እንኳ መሬት ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ከፊቱ የቆመውን አውሮፕላን ጭስ ሊስብ ይችላል፤ የቀሩት የአውሮፕላን ዓይነቶች ደግሞ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚበሩት ባለ ፕሮፔለር ኪው 400ዎች ሳይቀሩ፣ ከሞተር የሚቀዱ ናቸው።

ነርሷ፦ ከፍታውስ? ካቢን ውስጥ ያለው አየር የሳሳ መሆኑ መርዙን አያባብሰውም?

ጡረተኛው፦ ካርቦን ሞኖክሳይድን በተመለከተ ያባብሰዋል። በብዙ አውሮፕላኖች የካቢኑ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሳሳ ይፈቀዳል፤ በ787 ግን ከ1,830 ሜትር ግድም አያልፍም። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ 787 ከቦሌ ሲነሳ አውሮፕላኑ እየወጣ ካቢኑ ይወርዳል ማለት ነው፤ መንገደኛው በሰማይ ላይ የሚያገኘው አየር ቦሌ ከተሰናበተው ይወፍራል። ለቆላው ሰው ለቤይሩት ወይም ለጅዳ ነዋሪ ግን 2,400 ሜትር ትልቅ ለውጥ ነው።

ነርሷ፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ቀይ ሕዋስ ጋር ሲጣበቅ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር ደግሞ የሚወዳደረው ኦክስጅን ያንሳል። ከሰል አንድደው በር ዘግተው ከሚተኙ ሰዎች ዘንድ የሚታየው ያው ነው፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ምርመራውም በደም ቀላል ነው። ጭንቁ ሰዓቱ ነው፤ ሰውየው ተራ አየር እየተነፈሰ ከሆነ ከደሙ ውስጥ የተጣበቀው ጋዝ ግማሹ በአራት ወይም በአምስት ሰዓት ይለቃል፤ ኦክስጅን ከተሰጠው ደግሞ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ።

ጡረተኛው፦ ከቦሌ እስከ ዓለም ከተማ መንገዱ ስንት ሰዓት ይወስዳል?

ነርሷ፦ መናኸሪያ ወረፋ ሳይቆጠር፣ የጀማ ቁልቁለትና ዳገት ተጨምሮ፣ ያን ያህል ሰዓት ይሄዳል። ታማሚዋ እዚህ ደርሳ ደሟ ቢወሰድ ጋዙ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል፤ በማግሥቱ እናቷን ልትረዳ ማድ ቤት ከገባች በኋላ ቢወሰድ ደግሞ የሚገኘው የአውሮፕላኑ ይሁን የኩበቱ አይለይም።

ጡረተኛው፦ እንግዲያው ደሙ መወሰድ ያለበት ቦሌ ላይ ነው፤ ሽታ ነበረ የሚል ምዝገባ በአብራሪው ከተደረገ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሻንጣዋን ከመያዟ በፊት። እዚህ ላለችው ነርስ የሚቀረው ምንድን ነው?

ነርሷ፦ ካርዱ ላይ «ድካም» ተብሎ ከሚጻፈው ቀጥሎ የበረራው ቀን፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ የሸተታት ነገር፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሰዎች ታመው እንደሆነና ከወረደች በኋላ ስንት ሰዓት እንዳለፈ መጻፍ ነው። አሁን ካርዱ ለእነዚህ ቦታ የለውም፤ በጀርባው ይጻፋል።